«ይጠቅማልም፣ ይጎዳልም»፦ ስለ አንድ የድርሰት ጥያቄ የቀረበ ሂስ

«ሥልጣንን መጠየቅ ለኅብረተሰብ ይጠቅማልን? በምሳሌ አስደግፈህ አብራራ። የተፈቀደው ጊዜ 45 ደቂቃ ነው።»

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስታችን መርጡለ ማርያም ላይ ተገናኝተን ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የድርሰት ልምምድ ስንሰጥ ያቀረብነው ጥያቄ ይኸው ነው። አወጣነው ብንል ያምርብን ነበር፤ እውነቱ ግን ጥያቄው እኛው ራሳችን በአንደኛ ዓመት ጥሩ ነጥብ ካላገኘንበት ፈተና የተወሰደ ነው። ቂማችንን በልጆቹ ላይ ተወጣን ማለት ይቻላል።

19 ወረቀት ተሰበሰበ። ማታ በአንድ ክፍል ተሰብስበን አነበብነው። ከ19ኙ 14ቱ የሚጀምሩት «ሥልጣን ማለት» ብለው ነው። 16ቱ የሚያበቁት «ስለዚህ ሥልጣንን መጠየቅ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብለው ነው። በመካከሉ አንድ ገጽ ጥቅም፣ አንድ ገጽ ጉዳት። ጥቅሙ «ዕድገት ያመጣል»፤ ጉዳቱ «ሁከት ያመጣል»። የማን ዕድገት፣ የት የተነሣ ሁከት፣ ማን ምን ጠይቆ፣ ማን ምን መለሰለት? ምንም የለም። ሚዛኑ ብቻ እኩል ሆኖ ቆሟል፤ በሁለቱም ወገን ግን የተጫነበት ዕቃ የለም።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምንለው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ያን ጊዜ እኛም የጻፍነው ይህንኑ ነበር፤ እንዲያውም ከእኛ አንዱ «ሳንቲም ሁለት ገጽታ እንዳላት ሁሉ» ብሎ መጀመሩን እስከ ዛሬ እናስታውስበታለን። የምንጠይቀው፣ እንዲህ ያለው ድርሰት ከየት ይመጣል ብለን ነው።

አንደኛው ምክንያት ግልጥ ነው። ብሔራዊ ፈተናችን ምርጫ ነው፤ ተማሪው ዓመታት ሙሉ የለመደው ክብ ማጥቆር ነው። ከአራት አንዱን መምረጥ የለመደ እጅ ባዶ ወረቀት ሲሰጡት የሚፈልገው አምስተኛውን፣ ያንን «ሁሉም መልስ ነው» የሚለውን ፊደል ነው። «ይጠቅማልም፣ ይጎዳልም» ማለት ይህንኑ ክብ ማጥቆር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የባሰ ነው። ወረቀት ልንመልስ ስንል አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የቱን ብል ነው ነጥብ የምትሰጡኝ?» አለን። ሳቅን። ቆይተን ነው የደነገጥነው። ልጁ እኮ ጉዳዩን ከሁላችንም በላይ ገብቶታል! «ሥልጣንን መጠየቅ ይጠቅማልን?» ብሎ የሚጠይቀው ራሱ ሥልጣን ነው፤ እስክሪብቶ ይዟል፣ ሰዓት ይዟል፣ ከ20 ስንት እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። ተማሪው «መጠየቅ ይጠቅማል» ብሎ ሲጽፍ የሚጽፈው ላለመጠየቅ ነው፤ ጌታውን ደስ ለማሰኘት። ይህ ቀልድ አይደለም። ይህንን እግረ ሙቅ ሳይፈቱ ስለ አርእስት፣ ስለ መግቢያና መደምደሚያ ማስተማር ከንቱ መስሎ ታየን።

እንግዲህ ሂሳችንን ከቃሉ እንጀምር። «መጠየቅ» በአማርኛ ብዙ ሥራ ያለው ቃል ነው። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ ለቅሶ የተቀመጠ ይጠየቃል። የማናውቀውን እንጠይቃለን። ያጠፋም ይጠየቃል፤ «ተጠያቂው ማነው?» የምንለው ከዚሁ ነው። ሥልጣንን መጠየቅ ከእነዚህ የትኛው ነው? «ይህ የምትለው እውነት ነወይ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ፍትሕ ነወይ?» ማለት ሌላ ነው፤ «በምን ሥልጣንህ?» ማለት ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ አንገትም የሚያስቆርጠው ይኸኛው ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ያሉት አባቶች የከለከሉት ሦስተኛውን እንጂ አቤቱታን አይደለም፤ አቤት ማለትማ የየዕለቱ ሥራ ነበር። ከ19ኙ ወረቀት ይህን የለየ አንድም አልነበረም። ፈተና ላይ ግን መለየቱ የሚፈጀው ሁለት መስመር ነው፤ ከተለየ በኋላ ደግሞ የድርሰቱ ግማሽ ያለቀ ያህል ነው።

ወደ ምሳሌዎቹ እንለፍ። ምሳሌ ያቀረቡት ሰባት ናቸው፤ አምስቱ ጉዱ ካሳን ጠቅሰዋል። ይገባናል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ታሪኩ የሚካሄደውም እዚሁ ጎረቤት፣ በዲማ ጊዮርጊስ ነው። ለምሥራቅ ጎጃም ልጅ ጉዱ ካሳ የሩቅ ሰው አይደለም፤ የመንደሩ ሰው ያህል ነው። ችግሩ አምስቱም የጻፉት አንድ ዐረፍተ ነገር መሆኑ ነው፦ ጉዱ ካሳ የመኳንንቱን ሥርዓት ጠየቀ፤ ስለዚህ መጠየቅ ይጠቅማል።

እንዴ! ማንን ጠቀመ? መጽሐፉን እናስተውል። ካሳ ዳምጤ የፊታውራሪ መሸሻ የሥጋ ዘመድ ነው። ይናገራል፤ ያውም እፊታቸው። ለምን ዝም ይሉታል? ምክንያቱም «ጉዱ» ነው። አገሩ ለጥያቄው መልስ አልሰጠውም፤ ስም ነው የሰጠው። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ቢል «እሱ እኮ ጉድ ነው» ይባልና ይታለፋል። ደራሲው ካሳዩን ነገሮች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚበጀው ይህ ይመስለናል፦ ሥልጣን ጠያቂን ሁልጊዜ አያስርም፤ አንዳንዴ ቅጽል ያወጣለትና በነፃ ይለቀዋል። የጉዱ ካሳ ቃል ፍሬ ያፈራው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ልብ ውስጥ ነው፤ የእነሱን መጨረሻ ደግሞ አንባቢ ያውቀዋል።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ጠያቂ አለ፤ ማንም አልጠቀሰውም። አበጀ በለው ነው። እንደ ጉዱ ካሳ ረጅም ንግግር የለውም። ባላገሩ አልገብርም ሲል ከፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ ፊታውራሪ ዘምተው በእሱ እጅ ይወድቃሉ። አበጀን «ጉድ ነው» ብሎ ማለፍ አልተቻለም። ተማሪው ሁለቱን ጠያቂዎች ጎን ለጎን ቢያቆማቸው ኖሮ፣ አንዱ በቃል ጠይቆ ስም የተሰጠው፣ ሌላው ከሕዝብ ጋራ ጠይቆ መልስ ያገኘ፣ ድርሰቱ በራሱ እግር ይሄድ ነበር። የልቦለድ ምሳሌ ግን ዳኛ ፊት እንደ ግማሽ ምስክር ነው። ፈታኙ «ይህማ ደራሲው የፈጠረው ነው» ሊል ይችላል።

ይህን ስናነሣ ነው ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ የተናገረችው። «አያቴ ያኔ በግብሩ ጊዜ ጫካ ገብተው ነበር። ግን እሱ ፈተና ላይ ይጻፋል እንዴ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ወረቀቷን ፈልገን አወጣነው። «ሥልጣን ማለት» ብላ ጀምራ፣ «ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብላ ጨርሳለች። ስለ አያቷ አንዲት ቃል የለም።

የግብሩ ጊዜ የምትለው 1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ዐሥራት ቀርቶ ገበሬው ከሚያገኘው ገቢ እየተገመተ እንዲከፍል ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት ከዐሥራት የተሻለ ፍትሕ ያለው ሕግ ነው ሊባል ይችላል፤ ብዙ ያለው ብዙ ይከፍላል። ገበሬው ግን ወረቀቱን ሳይሆን ገማቹን ነው ያየው። በጎጃም መሬት የርስት ነው፤ ለመለካት በተሞከረ ቁጥር ሕዝቡ እምቢ ሲል የኖረ አገር ነው። ዛሬ እህሌን ሊገምት የመጣ ነገ መሬቴን ይለካል፤ የተለካ መሬት ይሸጣል፤ እኔም እንደ ደቡቡ ሰው ጭሰኛ እሆናለሁ ብሎ ጠረጠረ። በጠቅላይ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ የተጠራቀመ ቅሬታም ነበረ። መጀመሪያ አቤት ተባለ። አቤቱታው አጥጋቢ መልስ ሲያጣ ጠመንጃ ተነሣ። ሞጣና ቢቸና ዋናዎቹ የአመጹ ቦታዎች ሆኑ፤ ዳሞትም ተከተለ። መንግሥት ጦር ላከ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብር ተማረ፤ አዋጁም በጎጃም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ይህንን ነው ልጅቱ «ፈተና ላይ ይጻፋል እንዴ?» ያለችው። እኛ ደግሞ ያስተማርናት፣ እኛን ደግሞ ያስተማሩን፣ ምሳሌ ማለት ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር እንደሆነ ነው። ሶቅራጥስ በወረቀቶቹ ላይ አራት ጊዜ ተጠቅሷል። ሞጣ አንድ ጊዜም አልተጠቀሰችም። ከመርጡለ ማርያም ሞጣ ቢሄዱ ምን ያህል ነው?

ነገር ግን፣ ሂስ ከጀመርን በእኛም ላይ እንጨርሰው፣ ማታ ሦስታችን በዚህ ጉዳይ የምር ተጣላን። ሁለታችን በደስታ፣ «አገኘን! ሕዝቡ ጠየቀ፣ መንግሥት መለሰ፣ መጠየቅ ይጠቅማል» ስንል ሦስተኛችን፣ «ቆይ እስቲ፤ ኅብረተሰቡ የምትሉት ማን ነው?» አለን። ርስት የነበረው ገበሬ ርስቱን አዳነ፤ እሺ። ርስት ያልነበረው ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪስ? ለእሱ አመጹ ምን አመጣለት? የታሪክ ሊቁ ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው ስለ ጎጃም የጻፉትን ምዕራፍ «የቫንዴ አመጽ ነውን?» በሚል ጥያቄ ሰይመውታል። ቫንዴ በምዕራብ ፈረንሳይ ያለ አገር ነው፤ ገበሬዎቹ በ1793 እ.ኤ.አ. በአብዮቱ ላይ ተነሡ። ሥልጣንን ጠየቁ፤ የጠየቁት ግን አሮጌውን ነገር ለመጠበቅ ነበር። የጥያቄ ምልክቷን እናስተውል፤ ምሁሩ እንኳ ነው ብለው አልደመደሙም።

ነገሩን የሚያከረው ደግሞ በ1957 ዓ.ም. የካቲት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ መውጣታቸው ነው። ያንኑ መንግሥት ነው የጠየቁት። የተማሪው ጥያቄ የመሬት ሥሪቱ ይፍረስ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ጥያቄ ሥሪቴን አትንኩብኝ ነው። አንድ ሥልጣን፣ ሁለት ተቃራኒ ጥያቄ። «ሥልጣንን መጠየቅ ይጠቅማል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የቱን ነው የሚያመለክተው? የተማሪዎቹ ጥያቄ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መልስ አገኘ ይባላል፤ ጠያቂው ትውልድ ግን ወዲያው በቀይ ሽብር ምን እንደደረሰበት የምናውቀው ነው። ጥያቄው ሲመለስ ጠያቂው ሊጠፋ ይችላል። ይህ ሌላ ድርሰት ይወጣዋል፤ እንለፈው።

ጭቅጭቃችን እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሄደ። አንዱ ወገን፣ «ርስቱን ባያድን ኖሮ ጭሰኛ ይሆን ነበር፤ ጭሰኛ የሆነ ገበሬ ለሸማኔውም አይተርፍም» ይላል። ሌላው፣ «ይህ የባለርስት ክርክር ነው» ይላል። አልተስማማንም። አሁንም አልተስማማንም። ግን አንድ ነገር ገባን፦ ድርሰቱ ይኸው ጭቅጭቁ ነው። «ይጠቅማልም፣ ይጎዳልም» ከሚለው የሚለየው፣ እዚህ ጥቅሙና ጉዳቱ በአንድ ጉዳይ ውስጥ፣ በአንድ አገር ሰዎች ላይ ስለሚገናኙ ነው። እዚያ ግን ሁለቱ በተለያየ ገጽ ላይ ተቀምጠው አይተያዩም።

ታዲያ 45 ደቂቃ አለ። ይህን ሁሉ እንዴት አድርጎ? እዚህ ላይ ከአገራችን የቅኔ ቤት የምንማረው አለ እንላለን፤ ጎጃሜ ስለሆንን መመካታችን አይደለም (ትንሽ ነው)። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን መምህሩ ፊት ቆሞ አያስብም። መጀመሪያ ቆጠራ ይወጣል። ደበሎውን ተከናንቦ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ይቆጥራል፣ ይጥላል፣ እንደገና ይቆጥራል። ከዚያ ነው ገብቶ የሚያቀርበው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢያቀርብ፣ የጓደኛውንም ቢያቀርብ ያፍርበታል፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። ተመልከቱ እንግዲህ፦ በአኩፋዳ ቁራሽ እየለመነ፣ ለመምህሩ እግር እያጠበ የሚማር ልጅ፣ መታዘዝ ሙያው የሆነ ልጅ፣ በቃሉ ግን የሌላ ሰው ቃል እንዳይደግም ይገደዳል። የእኛ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪ መምህሩን በስሙ ይጠራል፤ ድርሰቱን ግን ከማስታወሻ ደብተር ይሸመድዳል። የትኛው ነው ታዛዡ?

በልምምዱ ሁለተኛ ቀን ልጆቹን ከ45ቱ ደቂቃ 10ሩን ለቆጠራ እንዲሰጡ አደረግናቸው። ብዕር ይቀመጥ አልን። አስጨነቃቸው፤ አጠገቡ ያለው ሲጽፍ እያየ ዝም ብሎ መቀመጥ ከባድ ነው፤ ጭንቅላቱ የሚሠራ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል። ከዚያ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይህን ያህል ብቻ እንዲጽፉ ነገርናቸው፦ መጠየቅ የምለው የትኛውን መጠየቅ ነው፤ በደንብ የማውቀው አንድ ጉዳይ የቱ ነው፤ ያ ጉዳይ እኔኑ የሚቃወመኝ የት ላይ ነው። ሦስተኛዋን ሲሰሙ ተንጫጩ። «ራሳችንን እንቃወም?» አዎን። መልስህን የሚጎዳውን ነገር አንተ ካላነሣኸው ፈታኙ ያነሣዋል፤ አንተ ካነሣኸው ግን ክርክሩ የአንተ ነው። መልሱን ከዚህ በኋላ ይጻፉት። መልሱን አስቀድሞ ጽፎ ምሳሌ መፈለግ፣ ፍርድ ሰጥቶ ምስክር እንደ መጥራት ነው።

ለናሙና ያህል እኛም በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ የመልስ ዐረፍተ ነገር ጻፍን፦ ሥልጣንን መጠየቅ ኅብረተሰብን የሚጠቅመው ጠያቂው ያገኘው መልስ ላልጠየቀውም ሲተርፍ ነው። ጥሩ መስሎን ነበር። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ላልጠየቀውም መትረፉን በ1960 ማን ያውቃል? ጊዜ ያስፈልገዋል» አለ። ልክ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ለ1960 ዓ.ም. ሳይሆን ለዛሬ ሰው ነው የሚሠራው፤ የጠየቀው ሰው በጠየቀበት ቀን ጥቅሙን ሊያውቅ አይችልም። ሰሌዳው ላይ ያለውን አጠፋነው። ባናጠፋው ኖሮ 19ኙም ይገለብጡት ነበር፤ እኛም አዲስ «ሥልጣን ማለት» ፈጥረን መሄዳችን ነው።

ምሽት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ከጥንቱ የድንጋይ ፍርስራሽ ፊት ተቀምጠን ሁለተኛዎቹን ወረቀቶች አረምን። ስለዚያ ሕንፃ እንኳ ያገሩ ሰው አብርሃና አጽብሓ አሠሩት ይላል፤ የታሪክ ሰዎች ደግሞ ቅርጽ የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች የሚሰጡት ለእቴጌ እሌኒ ዘመን፣ ለ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው። አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ቁጭ ብለው ስንከራከር ሰሙን። «እናንተ ልጆች ማን ነግሯችሁ ነው?» አሉ። «መጽሐፍ ነው አባባ» አልናቸው። «መጽሐፉንስ ማን ነገረው?» ብለው ሳቁ። መልስ አልነበረንም። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ከሁላችን የተሻለ የድርሰት አርእስት ነበር።

የሁለተኛው ቀን ወረቀቶች ሁሉም አልተሻሻሉም፤ ስድስቱ እንዳሉ ናቸው። ሁለቱ ቆጠራውን ብቻ ቆጥረው ሳይጽፉ ሰዓቱ አለቀባቸው፤ ይህ የዘዴያችን ጉድለት ነው፤ 10 ደቂቃ ለጀማሪ ሳይበዛ አይቀርም፣ 7 ይበቃል እንላለን። የልጅቱ ወረቀት የሚጀምረው እንዲህ ነበር፦ አያቷ በ1960 ዓ.ም. የወጡት ስለ ርስታቸው ነው፤ ከእሳቸው ቤት አጠገብ ግን ርስት የሌለው ሸማኔ ነበር፤ እሱ አልወጣም። በሁለት ገጽ ያንን ሸማኔ አልለቀችውም። ለምን አልወጣም? ቢወጣ ምን ያገኝ ነበር? መደምደሚያ የላትም። በመጨረሻው መስመር «ስለዚህ አያቴ» ብላ ሰዓቱ አልቆባታል።

ነጥብ ስንሰጥ እንደገና ተጣላን። ሁለታችን ከ20 ዐሥራ ሰባት ሰጠናት። ሦስተኛችን መደምደሚያ የሌለው ድርሰት ከዐሥራ አንድ አይበልጥም አለ፤ እውነተኛው ፈታኝ እንደሱ ቢሆንስ ብሎ። ወረቀቱን ስንመልስላት ሁለቱንም ቁጥሮች ጽፈንበት ነው የሰጠናት። አየችውና፣ «ታዲያ የቱ ነው የኔ?» አለች።